ኒውዮርክ ዛሬ ስንት ዋለ?

እየቀዳ ነው? እሺ እየቀዳ ነው። ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። መኪናው ውስጥ ነኝ፣ ማሞቂያውን አጥፍቼዋለሁ፣ ባለፈው "ሄሊኮፕተር ላይ ሆነህ ነው እንዴ የምትቀዳው" እያላችሁ ጨርሳችሁኛል። ስለዚህ ለናንተ ብዬ ብርድ እየበላሁ ነው። ቴርሞሷም አለች፣ አዎ፣ ያቺው ክዳኗ የጠፋው።

ዛሬ ስለ ቤት ኪራይ ጉድ አወራለሁ ብዬ ነበር፣ ይቅር፣ ሌላ ቀን። ጋሼ ያሉኝ ነገር አለ፣ ከየካቲት 2025 ጀምሮ (ዓመት ስጠራ በፈረንጅ ነው) ጭንቅላቴ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ጋሼን ታውቋቸዋላችሁ፣ ጅማ አካባቢ አጋሮ ያሉት፣ "ማሙሽ" የሚሉኝ። 41 ዓመቴ ነው እኮ።

ያን ቀን ፖርት ኒዋርክ፣ ኒው ጀርሲ ያለው ወደብ፣ በር ላይ በጭነት መኪናዬ ሰልፍ ይዣለሁ። ጠዋት አንድ ሰዓት፣ እዛ ከሰዓት ዘጠኝ ይሆናል። ጋሼ በኢሞ ደወሉ፣ እንደ ልማዳቸው ካሜራው የሚያሳየኝ ኮርኒሱን ነው፣ ያንን በማዳበሪያ ጆንያ የተሰፋውን። የጋሼን ፊት ካየሁ ስንት ዓመቴ፣ ኮርኒሳቸውን ግን ስፌት በስፌት አውቀዋለሁ። ሰላምታው አለቀ፣ የልጆች ደህንነት አለቀ፣ ከዛ "ኒውዮርክ ዛሬ ስንት ዋለ?" አሉኝ።

ቡናውን ነው። ቡና አገር ያደገ ያውቀዋል፣ ኒውዮርክ ማለት ከተማ አይደለም፣ ዋጋ ነው። ልጅ ሆኜ ራሱ "ኒውዮርክ ወደቀ" ሲባል እሰማ ነበር፣ ሰው የሞተ ይመስለኝ ነበር። ስልኬን አየሁ፣ ፓውንዱ ከ4 ዶላር በላይ ነው፣ ታይቶ የማይታወቅ ዋጋ፣ የ1977ቱን ሪከርድ ራሱ ሰብሮ ያለፈ። ነገርኳቸው። እና ደስ ብሎኝ፣ ሞኝነት ነው፣ "ጋሼ ኒውዮርክ እኮ ፊት ለፊቴ ነው" ብዬ ስልኩን አዞርኩት። ከክሬኖቹ ኋላ የማንሃተን ፎቆች በጭጋጉ ውስጥ ይታያሉ። ዝም አሉ። ከዛ "ታዲያ ገባ ብለህ ጠይቅልኛ" አሉ።

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ወይ ስቀዋል፣ እኔ የማየው ኮርኒስ ነው፣ በምን ልወቅ።

ቆይ አላለቀም። "60 ፈረሱላ ጀንፈል አለኝ፣ ልልቀቀው ወይስ ይቆይ?" አሉኝ። ጀንፈል ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና ነው፣ ፈረሱላው ደግሞ 17 ኪሎ። ከኋላዬ ያለው ሾፌር ጥሩምባውን ለቀቀብኝ፣ ሰልፉ ተንቀሳቅሷል፣ ማርሽ እያስገባሁ "ያቆዩት ጋሼ፣ እየጨመረ ነው" አልኩ። አራት ቃል። "እሺ፣ እዛ ያለኸው አንተ ነህ" አሉኝና ዘጉት።

እዛ ያለኸው አንተ ነህ።

የት ነው ያለሁት ግን? ይሄ ነው የሚበላኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ እሁድ ቀን፣ ባለቤቴ "አብደሃል" እያለችኝ፣ ከኒዋርክ ባቡር ይዤ ወርልድ ትሬድ ሴንተር ወረድኩ። ቡናው የሚሸጥበትን ቦታ ልይ ብዬ። በቃ በዓይኔ ላየው።

የለም። ነበር። በ1882 ነው የቡና ነጋዴዎች ኒውዮርክ ላይ ልውውጣቸውን የከፈቱት፣ ከሁለት ዓመት በፊት ገበያው ተንኮታኩቶ ስንቱ ከስሮ ስለነበር። ያኔ ምክንያት ነበረው፣ መርከቡ እዛ ይቆማል፣ ጆንያው እዛ ይራገፋል፣ የኢሪ ካናል በ1825 ከተከፈተ ወዲህ እቃው በሃድሰን በኩል እስከ ታላላቆቹ ሐይቆች ይዘልቃል። ኋላ ገበያው 4 ወርልድ ትሬድ ሴንተር የሚባለው ሕንፃ ገባ፣ ሕንፃው በ2001 ጥቃት ፈረሰ። በ1993 ወርልድ ትሬድ ሴንተር ላይ ቦምብ ከፈነዳ በኋላ ኩዊንስ ውስጥ መጠባበቂያ ቦታ አዘጋጅተው ነበርና በሳምንቱ እዛ ከፈቱ። እዚህ ከተማው እየነደደ ገበያው ቀጠለ፣ እና ያ ዓመት ነው አጋሮ ላይ ቡና የሞተው፣ ፓውንዱ ከ50 ሳንቲም በታች ወረደ። ጋሼ እሱን ዓመት ሲያወሩ ስለ ፎቆቹ ትዝ አይላቸውም። ሰው ግንዱን እየነቀለ ጫት ተከለ፣ ትዝ የሚላቸው እሱ ነው።

እና ነጋዴዎቹ ዋጋ እየተጯጯሁ የሚገበያዩት ነገርም በ2012 ቀረ፣ ሁሉም ኮምፒውተር ሆነ። የገበያው ባለቤት ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤቱ የት እንደሆነ ታውቃላችሁ? አትላንታ! የኒውዮርክ ስቶክ ማርኬት ኮምፒውተሮችስ? ማዋ፣ ኒው ጀርሲ፣ በ287 አውራ ጎዳና ስንቴ አልፌዋለሁ፣ መጋዘን ነው የሚመስለው። ወደቡም ኒው ጀርሲ ነው፣ ኮንቴነር ሲመጣ ሰፊ ሜዳ አስፈለገ፣ ማንሃተን ደግሞ ሜዳ የለም። የመጀመሪያው የሚባለው የኮንቴነር መርከብ በ1956 ከዚሁ ከኒዋርክ ነው የተነሳው፣ 58 ሣጥን ይዞ ወደ ሂውስተን። ያስጀመረው ሰውዬ የጭነት መኪና ባለቤት ነበር፣ የኛ ሰው ነው ማለት ነው፣ ሃሃ።

ታዲያ ኒውዮርክ ውስጥ የቀረው ምንድነው? ሊበርቲ ስትሪት ላይ ፌደራል ሪዘርቭ፣ ማዕከላዊ ባንካቸው፣ አለ፣ ድንጋዩ ምሽግ ነው የሚመስለው፣ ከስሩ ወደ 80 ጫማ ወርዶ የሌሎች አገሮች ወርቅ ሳይቀር ተቀምጧል። እሱ አለ። ዶላሩ አለ፣ የጅማ ቡና ጀርመን ቢሸጥ እንኳን በዶላር እስከሆነ ድረስ ብሩ አብዛኛውን ጊዜ በኒውዮርክ ባንክ በኩል ነው የሚያልፈው። ግድግዳውን ነካሁት፣ ቀዝቃዛ ነው። ጥበቃው አየኝ። ሄድኩ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ይሄን ሳገኝ መኪና አቁሜያለሁ። ኒውዮርክ ገበያ ላይ ቡና የሚሸጥበት አንድ ውል 37,500 ፓውንድ ነው። ወደ ኪሎ ቀየርኩት፣ በ17 አካፈልኩት፣ አንድ ሺህ ፈረሱላ! አንድ ሺህ፣ የተረፈው ግማሽ ፈረሱላ ገደማ ብቻ። አጋጣሚ ነው መቼስ። ግን ለጋሼ ተብሎ የተሰፈረ አይመስልም? እና ውሉ ላይ ቡናቸው ተቀባይነት ያለው ሃያ አገር ተዘርዝሯል፣ ኬንያ አለች፣ ኡጋንዳ አለች፣ ሩዋንዳ አለች። ኢትዮጵያ የለችም። የኛን ቡና እዛ ማስረከብ አይቻልም፣ የኛ ዋጋ ግን እዛ ተመዝኖ፣ ፕላስ ምናምን፣ ማይነስ ምናምን ተብሎ ይመጣል። ስማችን የሌለበት ሚዛን። ቡናውን የሚገዛቸው ሰብሳቢ "ኒውዮርክ ወረደ" ካለ ጋሼ ምን ብለው ይከራከሩታል? ሁሌ የሚሉት ነገር አለ፣ "ሲወርድ በዚያው ቀን አጋሮ ይደርሳል፣ ሲወጣ ግን በእግሩ ነው የሚመጣው።"

ኩሺንግን ነግሬያችሁ አውቃለሁ? ኦክላሆማ። አስር ሺህ ሰው የማይሞላባት፣ ከመንገዱ ዳር ነጭ ታንከር እና ታንከር እና ታንከር፣ ምሳ ፈልጌ ያጣሁባት፣ መግቢያዋ ላይ "የዓለም የቧንቧ መስቀለኛ መንገድ" የሚል ተጽፏል። የአሜሪካ ድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ እሷ ላይ ነው የሚቆረጠው፣ የነዳጁ ውል ርክክብ እዛ ስለሆነ። ሚያዝያ 2020 ታንከሮቹ ሊሞሉ ሆነ፣ ሰው ማስቀመጫ አጣ፣ የበርሜሉ ዋጋ ከዜሮ ወርዶ ማይነስ 37 ዶላር ገባ። ነዳጁን ውሰድልኝና ልክፈልህ! እና እሷ ውስጥ የሚኖር ሰው ምናልባት ዘመዱ ደውሎ "ነዳጅ ስንት ይሆናል?" ብሎ ይጠይቀዋል። እዛ ያለኸው አንተ ነህ። እሱስ ምን ያውቃል፣ ከታንከር ስር ቤት ስላለው?

ለዚህ ይመስለኛል... አላውቅም። ከተማ ትልቅ የሚሆነው የሚሠራበት ነገር ስላለ ይመስለኝ ነበር፣ ወደብ፣ ፋብሪካ። አሁን ግን ሩቅ ያለ ሰው "እዛ ውስጥ የሚያውቅ አለ" ብሎ ስለሚያምን ነው እላለሁ። ሁሉም ወደ እዛ እያየ ስለሚሸጥ። ግን ደግሞ ይሄ ትንሽ የሺሻ ቤት ፍልስፍና ነው፣ ወርቁ እኮ እውነት ነው፣ ዶላሩም እውነት ነው። ተዉት።

የቡናው ዋጋ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ከ3 ዶላር በታች ገባ። እኔ "እየጨመረ ነው" ያልኩት። ከዛ አሜሪካ በትልቋ ቡና አምራች በብራዚል ላይ 50 ፐርሰንት ታሪፍ ጣለች፣ ነሐሴ ላይ፣ ተመልሶ ወጣ። ስለዚህ ጋሼ መቼ እንደሸጡ ካላወቅኩ ጎድቻቸው ይሁን ጠቅሜያቸው አላውቅም። አልጠየቅኩም። ስምንት ወር ሙሉ ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጉልበታቸው እናወራለን፣ ያቺን 60 ፈረሱላ ሁለታችንም አናነሳትም። እሳቸውም "ኒውዮርክ ስንት ዋለ" ማለት ትተዋል። ይሄ ራሱ... በፊት ሁሌ ይጠይቁ ነበር እኮ።

ባለፈው ሳምንት ደወሉ። ኮርኒሱ ተቀይሯል። ማዳበሪያው የለም፣ ቺፕውድ ነው፣ አዲስ፣ ምስማሩ ራሱ ያብረቀርቃል። "ጋሼ ኮርኒሱ አማረ!" አልኩ። "አዎ፣ ተሠራ" አሉ። ተሠራ። በማን ብር? ጅዳ ያለችው ልጃቸው ልካ ይሁን፣ ጀንፈሉ ይሁን... "ጀንፈሉስ?" ልል አፌን ከፍቼ፣ "ጉልበትዎትስ እንዴት ነው?" አልኩ።

እንዴ ሰልፉ ሄዷል፣ ይሄ ሰውዬ ደግሞ ጥሩምባውን... እሺ እሺ፣ መጣሁ፣ ቆይ—