ቁልፉ ማን ጋ ያድራል?

ሄሎ፣ ሄሎ... ይሰማል? እሺ። መብራት እያለ ቶሎ ልቅዳው። ደግሞ ስለ ባጃጁ የጠየቃችሁኝ ሰዎች፣ መልእክታችሁ ደርሶኛል፤ አላወራም። ያ ጉዳይ ተዘግቷል።

ዛሬ ስለ እሑዱ ስብሰባ ነው። ረሳሁት ስል ይመጣብኛል። ሽንኩርት ስከትፍ ይመጣል፣ ልተኛ ስል ይመጣል። ትልቅ ነገር ሆኖ አይደለም። እንዲያውም ስነግራችሁ «ይኼ ነው እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል።

ቅዳሜ ማታ ጡሩንባ ተነፋ። እማዬ «ማን ሞተ?» ብላ ነጠላዋን ደርባ ወጣች። የሞተ የለም፤ ለልማት ነው። ጡሩንባ ነፊው ራሱ ግራ የገባው ይመስለኛል፤ በዚያው በለቅሶው ድምፅ ነው «ነገ ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ!» የሚለው። ሰዉ ደንግጦ ወጥቶ ተናዶ ይገባል።

እሺ። እሑድ እድሩ አዳራሽ ተሰበሰብን። አጀንዳው ያ ቦታ ነው፤ ቦዩ ጋ ያለው ጥግ። ስንት ጊዜ አውርቼላችኋለሁ፤ ቆሻሻ የሚጣልበት፣ ሰው ሲመሽ ፊቱን ወደ ግድግዳ የሚያዞርበት። አሁን መናፈሻ ሆኗል፤ ብታዩት አታውቁትም። ሰፈሩ ወጥቶ ቆሻሻውን በጋሪ አወጣ፣ ቦዩን ጠረገ፣ አፈር ሞላ። በጎ ፈቃድ ነው ተባለ፤ የቀረ ግን ይቀጣል። በቅጣት የሚሠራ በጎ ፈቃድ እኛ እድር ብቻ ያለ አይመስለኝም፤ እናንተም ጋ አለ፣ አትሳቁ። ብቻ ተሠራ። ችግኝ ተተከለ፣ አጥር ታጠረ፣ የብየዳ ቤቱ ልጆች በሩን ያለ እጅ ዋጋ ሠሩልን። ሊቀ መንበሩ ቁልፉን ከፍ አድርጎ አሳየን። አጨበጨብን።

ከዚያ አያ ተነሡ። አያ ስል ስለ ዶሮዎቻቸው የሚያወሩት የሰፈራችን ሽማግሌ፤ ታውቋቸዋላችሁ። ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ዱላቸውን ተደግፈው፣ «ይፈቀድልኝ» አሉ። ተፈቀደላቸው።

«ቁልፉ ማን ጋ ያድራል?»

ሰው ሳቀ። ስለ ዶሮዎቹ ሊያወሩ ነው ብሎ ተዘጋጅቶ ነበር መሰለኝ፤ ሳቁ ቀድሞ ጉሮሮው ላይ ነበር።

ሊቀ መንበሩ፣ «ለጊዜው እኔ ጋ ነው፣ አያ» አለ።

«አንተ ገጠር ስትሄድስ?»

«ጸሐፊው ጋ።»

«ጸሐፊው ሥራ ሲውልስ?»

«እንግዲህ... ፕሮግራም ይወጣለታል።»

አያ ትንሽ ቆሙ። አዳራሹ ዝም አለ፤ የአዳራሹን ዝምታ ታውቁታላችሁ፣ ቆርቆሮው ሲሞቅ ብቻ ቋ ቋ ይላል። ከዚያ፣ «እኔ እኮ የምወጣው በጠዋት ነው፤ ፀሐይ ለመሞቅ» አሉ። ተቀመጡ። በቃ። ጸሐፊያችን «ወደ ሁለተኛው አጀንዳ» አለ። ቃለ ጉባኤው ላይ ምን ብሎ እንደጻፈው ማየት እፈልጋለሁ። እሱ ማኅተም የማያርፍበትን ነገር አይጽፍም።

ከተማችንን ደብረ ማርቆስን የማታውቁ ካላችሁ፣ ብርድ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ያለ ከተማ ነው፤ ከላይ ጮቄ አለ። የጠዋት ፀሐይ እዚህ ቀልድ አይደለም። አያና ጓደኞቻቸው እዚያ ጥግ፣ ቆሻሻው አጠገብ፣ አንድ ሰፊ ድንጋይ ነበራቸው። ሽታው እያለ፣ ዝንቡ እያለ ይቀመጡ ነበር፤ ፀሐይዋ መጀመሪያ የምትደርሰው እዚያ ስለሆነ። ድንጋዩ አሁን የአጥሩ መሠረት ውስጥ ነው። ግንበኛው ጥሩ ድንጋይ አገኘ፣ ተጠቀመበት። ማንም ክፉ አላሰበም።

ደግሞ አጥሩን አትንኩብኝ። አጥር ባይኖር ፍየሎቹ አንድ ቅጠል አያስቀሩም ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ተነግሮ ነበር፤ ታስታውሳላችሁ፣ ያኔ ሁላችንም ጭቃ ለብሰን ፎቶ ተነሥተናል። መትከል ቀላል ነው። ዝናቡ ከቆመ በኋላ፣ ከኅዳር ወዲያ፣ ጀሪካን ተሸክሞ የሚያጠጣው ማነው? ከፍየል የሚጠብቀው ማነው? ጥያቄው ይኼ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ሲያጠና የኖረ ሰው ነው፤ በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ አጥር እንዲሠራ ብዙ ደክሟል። ከብት እንዳይገባ፣ እርሻው ደኑን እንዳይበላው። እውነቱን ነው። በእኛ አገር ነባር ዛፍ፣ ዝግባና ወይራ፣ በብዛት ማየት ከፈለግህ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለህ። ሌላው ባሕር ዛፍ ነው። (ስለ ባሕር ዛፍ አታስጀምሩኝ። ኮሚቴው ውስጥ ባሕር ዛፍ ካልተተከለ ብለው የተጣሉ ሰው አሉ። «ለአጠና ይሆናል!» መናፈሻ ውስጥ አጠና!)

ግን የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ለከብት ነው። ሰው ይገባል። ሊያለቅስ የመጣም፣ ሊተኛ የመጣም ይገባል። እኛ ያጠርነው ለማን ነው? ለፍየል ከሆነ መቀርቀሪያ ይበቃል፤ ፍየል መቀርቀሪያ አትከፍትም። አያ ጋ ያለችው ያቺ ነጭ ዶሮ ግን ትከፍት ይሆናል።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። እኔ እዚያ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ይኼን እያሰብኩ ነበር። ሕዝብ ማለት እነማን ናቸው? እድርተኛ? መዋጮ የከፈለ? አያ እኮ ይከፍላሉ፤ አንድም ቀን አሳልፈው አያውቁም። እሺ፣ ያልከፈለ ቢሆንስ? ጉልት የምትሸጠዋ ልጅ እድራችን ውስጥ የለችም። ተከራይ ናት። ቆሻሻ ስንጠርግ ግን ነበረች፤ ውኃ ያመጣችልን እሷ ናት።

ጣና ትዝ አለኝ። እምቦጩ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ሐይቁ ላይ ከታየ ወዲህ ስንቱ ሰው በእጁ ነቀለው። ገበሬው፣ ተማሪው፣ እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ገብቶ። አረሙ በሁለት ሳምንት እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ ዘሩ ጭቃው ውስጥ ዓመታት ይቆያል። ነቅለህ ጨረስኩ ስትል ከኋላህ አለ። ማንም «ይኼ ሐይቅ የማነው?» አላለም። ወይም... ብለው ይሆናል፤ እኔ ምን አውቃለሁ። ለማንኛውም ሐይቅ አይቆለፍም። ይኼን ለምን አመጣሁት? አዎ፣ ሰው የሚደክመው የእኔ ነው ሲል ነው ልል ነበር። ግን ያንኑ ቃል ነው ሊቀ መንበሩም ቁልፉን ኪሱ ሲከት የሚለው። ተውት፣ አልሰመረልኝም።

አንድ መፍትሔ አለኝ፤ ቁልፉን አስቀርጾ ለየቤቱ መስጠት። ከዚያ አሰብኩ፤ ሁሉም ቤት ካለው ለምን ይቆለፋል? ለማታዎቹ ጠጪዎች ነው? እነሱም የሰፈሩ ልጆች ናቸው፣ ቁልፍ ቤታቸው አለ። እማዬ ደግሞ «ቁልፉን ለአያ ስጧቸው፣ ከሁላችሁም ቀድመው ይነሣሉ» አለች። ጥሩ ነው። ግን አያን በዚህ ዕድሜያቸው ዘበኛ ማድረግ ይሆናል እኮ። ደመወዝ የሌለው ዘበኛ። እሳቸው የጠየቁት ፀሐይ ነው።

ከዚያ እሑድ በኋላ እዚያ ጥግ ሲቀመጡ አላየኋቸውም። ምናልባት አጋጣሚ ነው። ጉንፋን ሊሆን ይችላል። ልጠይቃቸው አስቤ ነበር፤ «ስለ ቁልፉ ምን ይላሉ?» ብዬ ልጀምር? ያሳፍራል።

ቀጣዩ ስብሰባ አጀንዳው የቆሻሻ መኪናው ነው። ቁልፉ አልተያዘም። «ልዩ ልዩ» የሚለው ውስጥ ላስገባው ይሆናል፤ ግን ልዩ ልዩ ሲደረስ ሰው ሁሉ ምሳ ሄዷል። እናንተ ሰፈር እንዲህ ያለው ቦታ ካለ ቁልፉ ማን ጋ ነው? እውነቴን ነው፣ ጻፉልኝ። ስለ ባጃጁ ሳይሆን ስለ... ቆይ፣ ስልክ ነው። ጸሐፊው ነው። ምን ፈልጎ ነው በዚህ ሰዓት? ላንሳው ወይስ...