አውራ ጣቷን ከማሳረፏ በፊት

እሺ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዝናቡ ከተሰማችሁ ይቅርታ፣ የጅማን ነገር ታውቁታላችሁ። የቤት ኪራዩን ጉዳይ እቀጥላለሁ ብዬ ነበር፣ ግን ዛሬ ሌላ ነገር ነው ጭንቅላቴን የያዘው።

ያ የሥነምግባር ስልጠና አለ አይደል፣ ሰው ላይ ጥናት ለሚሰሩ የሚሰጠው፣ አለቀ። ደግሞ ጥሩ ነበር፣ የምሬን ነው። የተስኪጊው ታሪክ በተለይ... አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ፣ በፈረንጆቹ ከ1932 እስከ 1972፣ ቂጥኝ ያለባቸውን 399 ጥቁር ወንዶች ፔኒሲሊን እንደሚያድን ከታወቀ በኋላ እንኳን አጥኚዎቹ ሳያክሟቸው ዝም ብለው ሲከታተሏቸው። "መጥፎ ደም አለባችሁ" ብቻ ነበር የሚሏቸው። ይሄ ሲጋለጥ ነው እነ ቤልሞንት ሪፖርት የሚባለው የአሜሪካ የምርምር ሥነምግባር ሰነድ የመጡት፣ 1979 ላይ፣ ሰውን ማክበር፣ መጥቀም፣ ፍትህ፣ ሦስቱን መርሆች ያስቀመጠው።

እና እኔ ይሄን እየሰማሁ የማስበው ያቺን እናት ነው። ከሰርቦ አለፍ ብሎ፣ ቀበሌውን አልጠራም። ለጥናታችን ፈቃደኛ መሆኗን የምትፈርምበትን የስምምነት ቅጽ በአፋን ኦሮሞ ቀስ ብዬ አነበብኩላት፣ ባትፈልጊ ምንም አገልግሎት አይቀርብሽም የሚለውን ሁለት ጊዜ። ልጇን ታጠባለች። አንዴም እኔን አላየችም፣ የምታየው በሩ ላይ የቆመችውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነው። ጣቷን ቀለሙ ላይ ልታሳርፍ ስትል "ቆይ" አልኳትና ሠራተኛዋን እባክሽ ትንሽ ውጪ ጠብቂኝ አልኳት። ወጣች።

ብቻችንን ስንሆን ድምጿን ዝቅ አድርጋ "እምቢ ብል ክትባቱን ይከለክሉብኛል?" አለችኝ። አሁን ያነበብኩላትን ነው የምትጠይቀኝ! አይከለክሉሽም፣ ማንም አይነካሽም አልኳት። "እህቴ፣ አንቺ ትያለሽ፣ ግን አንቺ ነገ ትሄጃለሽ፣ እሷ ናት እዚህ የምትቀረው" አለች፣ እና አውራ ጣቷን አሳረፈች፣ ሐምራዊ፣ ከሳጥኑ ወጣ ብሎ፣ ከዛ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

አሁን ይሄ ስምምነት ነው? ወረቀቱ ሙሉ ነው፣ ቀን አለው፣ ምስክር አለው፣ የሥነምግባር ኮሚቴ ቢያየው ምንም እንከን አያወጣለትም። እኔ ግን አላመንኩትም፣ መጠይቁን እዛው ተውኩት።

ለተሳታፊ የምንሰጠውን ሳሙና ግን ሰጠኋት። እሱም ራሱ ሌላ ክርክር ነው፣ ለባከነው ጊዜ ካሳ ስጡ ይባላል፣ ግን ሰው ለሱ ብሎ እሺ እስኪል አይብዛ። ቡና ለቀማ ላይ ያለች ሴት ግማሽ ቀኗን ስትሰጥህ አንድ ሳሙና ምኑ ነው የሚበዛው? አሁን ሳወራው እንኳን ያናድደኛል።

አሰልጣኙን በእረፍት ጠየቅኩት፣ ደግ ሰው ነው፣ "በቃል ስምምነትም ይቻላል እኮ፣ ኮሚቴው ከፈቀደ" አለኝ። ይቻላል። ግን የሷ ፍርሃት ወረቀቱ መች ሆነና፣ እዛች ሠፈር ያለ መንገድ መሪ መግባት አይቻልም፣ መሪዋ ደግሞ ክትባቱን የምትሰጠው ራሷ ናት። ልጅቷ ክፉ ሆና አይደለም፣ እንደውም ጎበዝ ናት፣ በጭቃ ስንት ቤት የምታዳርስ።

ምናልባት መሪው ሌላ ሰው ቢሆን፣ የዕድር ሰው ምናምን... ግን የዕድር ሰውስ እምቢ ይባላል እንዴ? አይ፣ እሱም... መስክ የወጣችሁ ካላችሁ እስኪ ቮይስ ላኩልኝ፣ እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት፣ እኔ ሰኞ ሌላ ቀበሌ ልወጣ ነው፣ ቅጹ ደግሞ ያው ቅጽ ነው እና...