ድንጋዩን ማን አነሳው?

የዛሬው የአድማጮች ጥያቄና መልስ ስለ ይቅርታ መጠየቅ ነው፤ በልጅነትም በትልቅነትም። ከደሴና ከኮምቦልቻ ለደወላችሁ የሚመልሱት እንግዳችን የሥነ ልቦና ባለሙያ ናቸው።

ከኮምቦልቻ፣ እናት፦ የ4 ዓመት ልጄ ታናሽ እህቱን ይገፋታል። «ይቅርታ» ይላል፤ ዞር ስል መልሶ ይገፋታል። እየቀለደብኝ ይሆን?

መልስ፦ አብሽሪ ልጄ፣ አልቀለደብሽም። በሱ ዕድሜ «ይቅርታ» የእናትን ቁጣ የምታበርድ ቃል ናት። ቃሏን ይዟል፤ ትርጉሟ ቀስ ብሎ ይመጣል። «ይቅርታ በል» ከማለትሽ በፊት ጥፋቱን በስሙ ጥሪለት፦ «ገፋሃት፣ ጉልበቷ ተላጠ፣ እያት።»

ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣ አባት፦ የ7 ዓመት ልጄ ብርጭቆ ሰብሮ ካደኝ። አንበርክኬ ድንጋይ አሸከምኩት። «በርበሬ ነው የማጥንህ» ስለው ወዲያው ይቅርታ ጠየቀ። እኛም ያደግነው በዚሁ ነው፤ ምን ክፋት አለው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ሳልሰማ ያለፍኩት ሳምንት ትዝ አይለኝም። እስቲ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጉት።

መጀመሪያ በርበሬው። ለማስፈራሪያ እንኳ አታንሳው። ጭሱ ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል። አስም ያለበት ልጅ ትንፋሽ አጥሮት ሊሞት ይችላል። አስም እንዳለበት የምታውቀው በዚያች ቀን ቢሆንስ?

ቀጥሎ ድንጋዩ። ባገራችን ድንጋይ ተሸክሞ እርቅ የሚለምን ሰው ድንጋዩን በገዛ እጁ ነው የሚያነሳው። ጥፋቱን አምኖ ነው የሚመጣው። ልጅህ ላይ ግን የጫንከው አንተ ነህ። የለመነህም እንድታወርድለት ነው። ፍርሃትና ጸጸት አይምታቱባችሁ! የተጸጸተ ልጅ «ያደረግኩት መጥፎ ነው» ይላል፤ ሊያስተካክለውም ይፈልጋል። የተዋረደ ልጅ «እኔ መጥፎ ነኝ» ይላል፤ ይደበቃል፣ ይዋሻል። በሚቀጥለው ስባሪውን ሶፋ ሥር ነው የምታገኘው።

ዣን ፒያዤ የሚባል የስዊዘርላንድ ሊቅ ነበር። በ1932 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው ለልጆች ሁለት ታሪክ ነግሯቸዋል። አንዱ ልጅ በር ሲከፍት ሳያውቅ 15 ኩባያ ሰበረ። ሌላው ጃም ሊሰርቅ ሲንጠራራ አንድ ኩባያ ሰበረ። ማን ይበልጥ አጠፋ? ትንንሾቹ 15 የሰበረውን ጠቆሙ። ያንተም ልጅ ጥፋቱን የሚለካው በስባሪው ብዛትና ባንተ ጩኸት ነው። ሆን ብሎ ማጥፋትና ሳያስቡት ማጥፋት እንደሚለያዩ የሚማረው ስታወራው ነው። ስባሪውን አንተ ልቀም፣ እሱ መጥረጊያ ያምጣ። ጥፋቱን በስሙ ጥሩት፣ አብራችሁ አጽዱ፣ በቃ።

«ያደግነው በዚሁ ነው» አልክ። እኔም ታጥኛለሁ፤ እናቴን ነፍሷን ይማር። ዛሬም ጎረቤት በርበሬ ሲቆላ ልቤ ይመታል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት የአካል ቅጣት እንዳይደርስባቸው ይከለክላል። ልጁ ቤት ሲገባ ሌላ ገላ አይለብስም። ዛሬ ማታ አጠገቡ ተቀመጥና «ድንጋይ ስላሸከምኩህ ይቅርታ» በለው። አባትነትህ አይቀንስም።

ከደሴ፣ ፒያሳ፣ ወጣት፦ በቴሌግራም ይቅርታ መጠየቅ ይቻላል?

መልስ፦ ቀጠሮ ካረፈድክ ይቻላል፤ ሰው ካስቀየምክ ሂድ።

ከኮምቦልቻ፣ የ35 ዓመት ሰው፦ በውርስ ቤት ከወንድም ጋሼ ጋር ተቀያየምን። «አፉ በለኝ፣ ግን አንተም አጥፍተሃል» አልኩት። ጭራሽ ባሰበት።

መልስ፦ «ግን» የምትለዋን ዋጣት ወንድሜ! እሷ ከገባች ይቅርታው ክስ ሆነ። በ2016 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት ይቅርታን ለስድስት ከፍሎ መዝኖት ነበር። ሚዛን የደፋው «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ማለት ሆነ። ቀጥሎ «ልካስ» ማለት። ከሁሉ የቀለለችው «ይቅር በለኝ» የምትለዋ ልመና ናት። ሽማግሎቻችንም እርቅ ሲያወርዱ ጥፋቱን ያመኑ ዘንድ ነው የሚቀላቸው። አንተ ደግሞ ቀላሏን ይዘህ ነው የሄድከው። ትልቅ ሰው ይህ የሚከብደው «አላጠፋሁም» ብሎ መድረቅ ለጊዜው ጉልበት ስለሚሰጥ ነው። ያንተን ድርሻ ብቻ፣ በስሙ ጠርተህ ተናገር። የሱን ለሱ ተውለት።

ከደሴ፣ ስሟን መግለጽ ያልፈለገች፦ ባሌ ይመታኛል። ከዚያ ሽማግሌ ይልካል፣ እግሬ ላይ ይወድቃል። ይቅር ካላልሽ ኃጢአት ነው ይሉኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ይቅር ማለት ሌላ፣ ተመልሶ አብሮ ማደር ሌላ። የተጸጸተ ሰው እጁን ይሰበስባል። ድብደባ፣ ልመና፣ ጥቂት ሰላም፣ እንደገና ድብደባ፤ ይህ በሬዲዮ አይፈታም። ሆስፒታል ሄደሽ ታከሚ፣ ጉዳትሽ ይመዝገብ፣ ለፖሊስ አመልክቺ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያም በአካል አግኚ። አሁን መስመሩን እንዳትዘጊ፤ ከአየር ውጭ ላናግርሽ።