ዘጌ፣ ጎንደር፣ መቅደላ፦ ዐፄ ቴዎድሮስን ዓመት እየቆጠሩ መመዘን

[ምስል፦ ማለዳ፣ ባሕር ዳር የጀልባ ወደብ። አንዲት የደንገል ታንኳ በሞተር ጀልባዎቹ መሀል ቀስ እያለች ትወጣለች።]

ከዚህ ወደብ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ብትጓዙ ዘጌ ትደርሳላችሁ። ዛሬ ዘጌ ሲባል ቡናውና ገዳማቱ ናቸው ትዝ የሚሉን፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም። በ1858 ዓ.ም. ግን የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት እዚህ ሰፍሮ ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳምና ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ በዚያ ዓመት ሚያዝያ እዚሁ ተያዙ። ብዙም ሳይቆይ ሰፈሩን ኮሌራ ገባው፤ ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ፤ የተረፈው ወደ ደብረ ታቦር ተነሣ።

እስረኞቹ የጻፉት ሌላም ነገር አለ። ንጉሡ ደንገል አሳጭደው ትልልቅ ታንኳ አሠሩ፤ በላዩ የእንጨት ወለል አስነጠፉ፤ በጎንና በጎኑ በእጅ የሚዞር መንኮራኩር አስገጠሙ። ወሬውን ብቻ የሰሙትን የእንፋሎት መርከብ ጣና ላይ ለማስኬድ ነበር ሙከራው። እንግዳ የሚያስሩትና መርከብ የሚሞክሩት እጆች የአንድ ሰው እጆች ናቸው፤ ጊዜውም ቦታውም አንድ ነው። ስለዚህ «ጀግና ነበሩ ወይስ ግፈኛ?» ብሎ የሚነሣ ክርክር ገና ከጅምሩ ይሰናከላል። መጀመሪያ የሚጠየቀው «መቼ? ማንስ አየ?» ነው።

[ምስል፦ ነጭ ወረቀት፤ እጅ አግድም መስመር ያሰምራል።]

ወረቀት ውሰዱና አንድ መስመር አስምሩ። ግራ ጫፉ ላይ የካቲት 1847 ብላችሁ ጻፉ፤ ደረስጌ ማርያም ላይ የነገሡበት ነው። ቀኝ ጫፉ ላይ ሚያዝያ 6 ቀን 1860፤ መቅደላ ላይ ራሳቸውን የገደሉበት። ዐሥራ ሦስት ዓመት ነው። አሁን ስለ እሳቸው የመሰከረውን ሁሉ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንዳየ በመስመሩ ላይ ምልክት አድርጉበት።

ዜና መዋዕላቸውን በአድናቆት የጻፉት ደብተራ ዘነብ ትረካቸው 1852 ገደማ ላይ ይቆማል። ሽፍታው ሲቀጣ፣ ወታደር ገበሬውን እንዳይዘርፍ ሲከለከል፣ «ሁሉም ወደ አባቱ ሥራ ይመለስ» ሲባል እናያለን፤ የጎንደርን እሳት ግን አናይም፤ መጽሐፉ አይደርስበትም። አውሮፓውያኑን ደግሞ ተመልከቱ። ሚሲዮናዊው ሄንሪ ስተርን የታሰረው በ1856 ነው፤ ራሳምና ብላንክ ንጉሡ ዘንድ የደረሱት በጥር 1858። የጻፉት በሰንሰለት ታስረው ያዩትን፣ ያውም የመጨረሻዎቹን ዓመታት ነው። ሌላው የዜና መዋዕል ጸሐፊ አለቃ ወልደ ማርያም የጻፉት ደግሞ ንጉሡ ከሞቱ ከዐሥር ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው።

ከነዚህ ውስጥ ውሸታም መፈለግ አያስፈልግም። ዘነብን ብቻ ያነበበ መሲሕ ያገኛል፤ ብላንክን ብቻ ያነበበ አውሬ ያገኛል። ሁለቱም መስመሩን ግማሽ ላይ ቆርጠውታል።

[ምስል፦ በመስመሩ ላይ «ኅዳር 1859» በቀይ ይጻፋል።]

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ስሌት አለ። ጎንደር የተቃጠለችው በፈረንጅ አቆጣጠር ታኅሣሥ 1866 መግቢያ ላይ ነው። ከዚህ 8 የቀነሰ ሰው 1858 ላይ ይወድቃል። ነገር ግን ከመስከረም እስከ ፈረንጅ ዓመት ማብቂያ ያለው ልዩነት 7 ነው፤ ትክክለኛው ኅዳር 1859 ነው። የአንድ ዓመት ስሕተት ትንሽ አይምሰላችሁ። በተሳሳተው ስሌት የጎንደር እሳት ከራሳም መምጣት በፊት ይሆናል፤ የዘጌው እስራትና ኮሌራም ከእሳቱ በኋላ። ምክንያቱና ውጤቱ ተገለባብጦ ይቀራል።

ስለ እሳቱ ስታነቡ ሌላም ጥንቃቄ አለ። ጎንደር ላይ የምታዩት ፍርስራሽ ሁሉ የቴዎድሮስ ሥራ አይደለም። በጥር 1880 የመሐዲ ደርቡሾች ገብተው አቃጥለዋል፤ በ1933 ደግሞ ከተማዋ በእንግሊዝ አውሮፕላን ተደብድባለች። የሳቸውን ዕዳ ሳያሳንሱ፣ የሌላውንም ሳይጨምሩባቸው መቁጠር ያስፈልጋል። ዕዳቸው ደግሞ ትንሽ አይደለም፤ በራሳቸው ትእዛዝ አብያተ ክርስቲያናት ተዘርፈው ነደዱ። ሮም በፈረንጅ አቆጣጠር በ64 ስትነድ ከተማዋን ያቃጠለው ኔሮ ነው ተብሎ ተወራ፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የጻፈው ታሲተስ ግን እሳቱ ሲነሣ ኔሮ አንቲየም እንደነበር ይነግረናል። የኔሮ እሳት ያከራክራል። የጎንደሩ አያከራክርም።

«ተዋበች ሲሞቱ ነው የከፉት» የሚለውን ሁላችንም ሰምተናል። እቴጌ ተዋበች ያረፉት በነሐሴ 1850 ነው። በወሎ ዘመቻ እጅና እግር ማስቆረጥ የተጀመረው ግን ገና በንግሥናቸው መባቻ ነው። መስመሩ ላይ አስቀምጡት፤ ሐዘኑ ከጭካኔው በኋላ ይመጣል። ታሪኩ ልብ ይነካል፣ ግን አያስረዳም።

ይልቅ ስንቁን ተከተሉ። ወታደሩ በደመወዝ እንዲኖር ፈለጉ፤ ለዚያ ገንዘብ ያስፈልጋል። ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፣ የቀረው መሬት ለገባሪ ተሰጥቶ ግብር ይክፈል አሉ። በዚህ ከካህናቱና ከአቡነ ሰላማ ጋር ተጣሉ፤ የካህኑ ቃል የሚደርስበት ገበሬም ሸሻቸው። ጎጃም በተድላ ጓሉ እጅ ወጣ፤ ላስታና ትግራይ በዋግሹም ጎበዜ፤ ምኒልክም በ1857 ከመቅደላ አምልጠው ሸዋን ያዙ። ግብር የሚገባው አገር ወደ በጌምድርና ዙሪያው ጠበበ፤ የሚበላው ሠራዊት ግን በአንድ ጊዜ አልቀነሰም። ያን ጊዜ መጀመሪያ የከለከሉትን ዝርፊያ ራሳቸው አዘዙ። የተዘረፈው ገበሬ ሸፈተ፤ ሽፍታውን ለመቅጣት ሌላ ዘመቻ ተነሣ፤ ለዘመቻውም ሌላ ዝርፊያ። ይህ ማብራሪያ እንጂ ማስተስረያ አይደለም። ሌላ መንገድ አልነበራቸውም ማለትም አይደለም።

[ምስል፦ የመቅደላ አምባ ከርቀት፤ ከሥሩ እስላምጌ።]

ሚያዝያ 2 ቀን 1860፣ ከሞታቸው አራት ቀን በፊት፣ እስላምጌ ላይ ኢትዮጵያውያን እስረኞችን አስገደሉ፤ ብዙዎቹ ወደ ገደል ተወረወሩ። ቁጥሩ እንደ ጸሐፊው ይለያያል፤ ሁለት መቶ ገደማ የሚል አለ፣ ከዚያ በላይ የሚልም አለ። እንዲህ ሲሆን ትልቁን ቁጥር መርጦ መጮህም፣ ቁጥሩ ስለተለያየ ነገሩ አልሆነም ማለትም ስሕተት ነው። ድርጊቱ ላይ ሁሉም ይስማማል። ከ1940ዎቹ ወዲህ ቴአትሩና ልብ ወለዱ የአንድነት ጀግና አድርጎ ሲያነሣቸው ሽጉጡን እናያለን፤ እስላምጌ ላይ ያለቁትን ግን ስማቸውን የሚጠራ የለም። ይህ ያሳዝናል።

[ምስል፦ የብራና መጽሐፍ ገጽ፣ በቅርብ።]

የመጨረሻው ማስረጃ ብራና ነው። ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የተወሰዱት መጻሕፍት ወደ አንድ ሺሕ ይጠጋሉ። ንጉሡ አላቃጠሏቸውም፤ መቅደላ ላይ ሊያሠሩት ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን አስቀመጧቸው። እሳቸው ሲሞቱ የእንግሊዝ ጦር ምርኮውን በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች አስጭኖ ወረደ፤ ደላንታ ሜዳ ላይም ሐራጅ ተባለ። ወደ 350 የሚሆኑ ብራናዎች ለንደን ገቡ። ዛሬ «የመቅደላ ቅርስ ይመለስ» ሲባል የሚጠሩት መጻሕፍት እነዚህ ናቸው። መመለሳቸው ተገቢ ነው። ሲመለሱ ግን ለየትኛው ደብር ይሰጡ? መቅደላ ከመድረሳቸው በፊት የጸለየባቸው የጎንደር ካህን ነበር፤ ከእጁ የነጠቀውም የገዛ ንጉሡ ወታደር ነው።