ከረጢቱ ውስጥ ያለው

የተከበራችሁ ተመራቂ ፋርማሲስቶች፣ ውድ ወላጆች፣

እናቴ ኬሞ፣ ማለትም የካንሰር መድኃኒት፣ ስትወስድ ከአልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ጠብታውን እቆጥር ነበር። መድኃኒቱ የሚንጠባጠብበት ከረጢት ውስጥ ምን እንዳለ ግን አንድም ቀን አልጠየቅኩም። ማን ይጠይቃል? ያዘጋጀውን ሰው አምነን ነው።

ሮበርት ኮርትኒም ይታመን ነበር። በአሜሪካ፣ ካንሳስ ሲቲ፣ ፋርማሲስት ነበር። የካንሰር መድኃኒት እያዘጋጀ ለሐኪሞች ይልካል። ጌምዛርና ታክሶል የተባሉት የካንሰር መድኃኒቶች ውድ ነበሩ። እሱ ታዲያ መድኃኒቱን ከታዘዘው ቀንሶ ያቀጥናል፣ ሂሳቡን ግን ሙሉ ይቀበላል። በዓይን አይለይም።

የተያዘው በሂሳብ ነው። አንድ የመድኃኒት ኩባንያ ወኪል፣ ኮርትኒ ከገዛው በላይ ጌምዛር እንደሸጠ አስተዋለ። ነገሩን የሰማች ሐኪም ናሙና ላብራቶሪ ላከች። የተገኘው መድኃኒት የታዘዘውን ግማሽ እንኳን አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ2001 ታሰረ፤ በ2002 ጥፋቱን አምኖ 30 ዓመት ተፈረደበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስቡልኝ። ሕሙማኑ ካንሰር ነበረባቸው። አንዷ ብትሞት፣ የገደላት በሽታው ነው ወይስ የቀጠነው መድኃኒት? ይህን በፍርድ ቤት ማስረዳት እጅግ ከባድ ነው። ሕጉ ሬሳ ካላየ የማይቀጣ ቢሆን ኖሮ ሰውዬው ሊያመልጥ ይችል ነበር። ዐቃቤ ሕግ ግን በነፍስ ግድያ አልከሰሰውም። የከሰሰው መድኃኒቱን በመነካካቱና በማቅጠኑ ነው። ከረጢቱን ሲቀላቅል ወንጀሉ አልቋል፤ በሽተኛዋ ገና ወረፋ እየጠበቀች ነው።

የሕንድ የወንጀል ሕግ ይህን ያወቀው ገና እ.ኤ.አ. በ1860 ነው። አንቀጽ 274 ለሽያጭ የታሰበን መድኃኒት ኃይሉን መቀነስ በራሱ ወንጀል ነው ይል ነበር። መርዝ መጨመር የግድ አልነበረም። ቅጣቱ ግን ቢበዛ 6 ወር እስራት ነበር። ለዚህ ዓይነት ክፋት 6 ወር! እኔን እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

እኛም የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለን። አንብቡት። ሰኞ ሥራ ስትጀምሩ ደግሞ የግዢና የሽያጭ መዝገቡን ጎን ለጎን አስቀምጡና እዩት። የተሸጠው ከተገዛው በልጦ ካገኛችሁ፣ አለቃችሁ ቢቆጣም ለተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ንገሩ። በዚያው ሰዓት አንድ ሰው እናቱ አጠገብ ተቀምጦ ጠብታ እየቆጠረ ይሆናል።

አመሰግናለሁ።