አየሩን የሠሩልን ትንንሾች

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ያለ ነገር ላውጋችሁ።

ስለ አየር ንብረት ሲወራ «ይቺን የምታህል ምድር ሰው ምን ሊያደርጋት ይችላል?» የሚሉ አሉ። እኔ ግን አየራችንን ማን እንደሠራው ሳስብ በዚህ አልስማማም።

ምድር ዕድሜዋ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ግማሽ ለሚጠጋው ዕድሜዋ አየሯ ላይ ኦክስጅን አልነበረም ማለት ይቻላል። ያመጡልን በዓይን የማይታዩ፣ ውሃ ውስጥ የሚኖሩ ሳይኖባክቴሪያ የሚባሉ ፍጥረታት ናቸው። በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ሲሠሩ ኦክስጅን ይለቃሉ። መጀመሪያ ላይ ግን ኦክስጅኑ ባሕር ውስጥ የሟሟውን ብረት እያዛገ ወደ ታች አዘቀጠው። ዛሬ አውስትራሊያና ብራዚል ውስጥ ተቆፍሮ የሚወጣው ብረት አብዛኛው ከዚያ ዘመን ዝገት የመጣ ነው። እስቲ አስቡት፣ የቤታችን በር እንኳ የእነሱ እጅ አለበት ማለት ነው!

ከ2.4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ኦክስጅኑ አየር ላይ መከማቸት ጀመረ። ከእሱም ኦዞን ተሠራ፤ ጎጂውን የፀሐይ ጨረር የሚያስቀርልን ሽፋን። እሱ ባይኖር የብስ ላይ መኖር እጅግ ይከብድ ነበር።

ይሄንን ሽፋን ነው እኛ በጥቂት አሥርት ዓመታት ያሳሳነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የብሪታንያ ተመራማሪዎች አንታርክቲካ ላይ ኦዞኑ ክፉኛ መመናመኑን አሳወቁ። ጥፋቱ የመጣው ፍሪጅ ውስጥና በሚረጩ ነገሮች ውስጥ ይገባ ከነበረው ሲኤፍሲ ከሚባል ጋዝ ነበር። በ1987 ይሄን ጋዝ ለመቀነስ የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፤ ኋላ የዓለም አገራት በሙሉ ገቡበት። ኦዞኑ አሁን እያገገመ ነው። እንዲህ ያለ ነገር መደረጉን ብዙ ሰው አለማወቁ ያሳዝነኛል።

ከሰልና ነዳጅ ሲቃጠል የሚወጣው፣ ምድርን የሚያሞቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ሌላ ጣጣ ነው። በ1958 ሃዋይ ላይ መለካት ሲጀመር ከሚሊዮን የአየር ክፍል 315 ገደማ ነበር። ዛሬ ከ420 አልፏል። አንታርክቲካ በረዶ ውስጥ ታፍኖ ከቆየው የጥንት አየር በተገኘው የ800 ሺህ ዓመት መዝገብ ውስጥ፣ ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት 300ን ያን ያህል ያለፈበት ጊዜ የለም። የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ መተው ደግሞ የፍሪጅ ጋዝ እንደመቀየር አይቀልም፤ መብራቱም መኪናውም ፋብሪካውም እሱ ላይ ነው።

ቢሆንም ተስፋ አልቆርጥም። ሲኤፍሲን የተኩት ጋዞች ኦዞኑን ባይጎዱም ምድርን ያሞቃሉ። ይሄ ሲታወቅ አገራት በ2016 እዚሁ አፍሪካችን፣ ኪጋሊ ላይ ተሰብስበው እነሱንም ደረጃ በደረጃ ለመቀነስ ተስማሙ።