ሲፕሮ ስንውጥ አንጀታችን ውስጥ የሚሆነው

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ የሳቢያን ሰፈር ልጆች፣ በዚህ ሙቀት ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

በቀጥታ ልግባ። ፋርማሲ ውስጥ ሁሌ የምሰማው «አራት ፍሬ ሲፕሮ ስጪኝ» የሚል ነው። ሰውየው ሆዱን ስለቆረጠው ነው የመጣው። ሐኪም አላየውም፣ ጎረቤት ነው ያዘዘለት።

ሲፕሮ ፍሎሮኪኖሎን ከሚባሉት አንቲባዮቲኮች፣ ማለትም ባክቴሪያ ከሚገድሉ መድኃኒቶች፣ አንዱ ነው። አንጀታችን ውስጥ ያለችው ኢ. ኮላይ የምትባል ባክቴሪያ ዲኤንኤዋ እንደ ክር የተጠማዘዘ ነው። ልትባዛ ስትል ጋይሬዝ የሚባል ኢንዛይም ክሩን ይቆርጥና ያፍታታል፣ ከዚያ መልሶ ይቀጥለዋል። ሲፕሮ የሚደርሰው ቆርጦ ሳይቀጥል ነው፤ ክሩ እንደተበጠሰ ይቀራል፣ ባክቴሪያዋም ትሞታለች።

ግን ሁሉም አይሞቱም። በቢሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ሲባዙ አንዳንዴ ጋይሬዙ ላይ ለውጥ ይፈጠራል፤ ኢንዛይሙ አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ቅንጣቶች የተሰካካ ነው፣ ብዙ ጊዜ 83ኛው ቦታ ላይ ያለው ሴሪን የሚባለው ቅንጣት ሊውሲን በሚባለው ይተካና ሲፕሮ እንደ ድሮው መያዝ ያቅተዋል። የተለወጠችው ትተርፋለች፣ የሞቱትን ቦታ ልጆቿ ይሞሉታል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሲፕሮ ስንውጥ 87ኛው ቦታ የተለወጠባት፣ ቀጥሎ ቶፖአይሶሜሬዝ 4 የሚባለው ሁለተኛው ኢንዛይም የተለወጠባት፣ መድኃኒቱን ወደ ውጭ የሚገፉ ፓምፖች ያበዛች እየተመረጠች ትቀራለች። እዚህ ከደረሰ ሲፕሮ አለቀለት።

እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ተመራማሪዎች ጋይሬዝን ከሲፕሮ የሚከላከል ዘረ መል አገኙ፤ ኪውኤንአር ይሉታል። የሚቀመጠው ፕላዝሚድ በሚባል፣ ከዋናው ዲኤንኤ ተለይቶ በሚኖር ትንሽ ዲኤንኤ ላይ ነው፣ ፕላዝሚድ ደግሞ ከአንዷ ባክቴሪያ ወደ ሌላዋ ይተላለፋል። ብቻውን የሚሰጠው መከላከያ መጠነኛ ነው፤ ነገር ግን ባክቴሪያዋ ሌላው ለውጥ እስኪመጣላት ድረስ እንድትቆይ ያደርጋታል።

«አንጀቴ ውስጥ ብትኖር ምን ትጎዳኛለች?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እዚያው ከተቀመጠች ምንም። ግን የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በአብዛኛው የሚነሳው ከራሳችን አንጀት በወጣች ኢ. ኮላይ ነው። ያን ቀን ሐኪሙ ሲፕሮ ቢያዝላችሁ፣ ባክቴሪያዋ ከዓመት በፊት ለሆድ ቁርጠት በዋጣችሁት ፍሬ ተለማምዳ ሊሆን ይችላል።

የሙያ ጓደኞቼ፣ እባካችሁ፣ ያለ ማዘዣ አትሽጡ። ደንበኛው ቢቆጣም ይቆጣ።

እናንተ ደግሞ፣ አብዛኛው ተቅማጥ ያለ አንቲባዮቲክ ይድናል፤ ዋናው የወጣውን ፈሳሽ መተካት ነው። ደም ካለው፣ ኃይለኛ ትኩሳት ከመጣ ወይም የሕፃኑ ዓይን ከሰረጎደ ግን ቶሎ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ኦአርኤስና ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ እዚህ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃም አምጥቻለሁ። ጠጋ በሉና አብረን እንበጥብጥ።